የሐኪም ቶማስ ላምቢ ታሪክ፤ ያለ ዋጋ ለማገልገል ለሚወዱ የተጻፈ

አንባቢ ሆይ፤ የማሻ ሰው ከሆንህ፥ ወይም ከማሻ ተነሥተህ ባሮን ተሻግረህ ወደ ጎሬ ሄደህ የምታውቅ ከሆነ፥ የዚያን አገር ዝናምና ጭቃ፥ የደኑንም ጥላ እኔ ልተርክልህ አያስፈልግም። ዛሬ በመኪና የሚኬደው ያ መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት በበቅሎና በእግር ብቻ የሚኬድ ነበረ። የኢሉባቦር ገዦች መቀመጫቸው በጎሬ ስለ ነበረ፥ የሞጫም አገር ከነማሻ ወደ ጎሬ ይመለከት ነበረ። ቡናውም ጎሬ ተከማችቶ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበረ። ታሪኩን የምነግርህ ሐኪም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በጋምቤላ በር ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምጽፍልህ አስቀድመህ ዕወቅ።

ይህንንም ታሪክ ለአንተ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘመን ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎች ከክርስቲያን የሕክምና ማኅበር ጋር ወደ ሌላ አገር ሄደው፥ በዓይን ሕክምና ቤት ለጥቂት ሳምንት ያለ ደመወዝ ማገልገልን ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ሰው አገር ለመርዳት የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው፥ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል፥ ልቡም በምን እንደሚፈተን ከቀደሙት ሰዎች መማር ይገባዋል። ዶክተር ላምቢም ለዚህ የሚበቃ ሕይወት ነበራቸው፤ የሚያስመሰግነውም የሚያሳዝነውም በእርሳቸው ሕይወት ይገኛልና።

ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ በ1885 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ፒትስበርግ ብረት የሚቀልጥባት የፋብሪካ ከተማ ናት። ሕክምናን በዚያው ተምረው በ1907 ዓ.ም. ገና 22 ዓመት ሳሉ የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ወደ ሱዳን ላከቻቸው። በኦምዱርማን፥ ከዚያም በሶባት ወንዝ ዳር በሽሉክና በኑዌር ሕዝብ መካከል ሠሩ። ሶባት ማለት ከእኛ ተራሮች የሚወርደው ባሮ ከፒቦር ወንዝ ጋር ከተገናኘ በኋላ የሚጠራበት ስም ነው። ስለዚህ ላምቢ ኢትዮጵያን ሳያዩ ውኃዋን ይጠጡ ነበሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሚስታቸው ወይዘሮ ሻርሎት በዚያ ሙቀትና በዚያ ትንኝ መካከል ከእርሳቸው ጋር ብዙ መከራ ተቀበለች። ስለ ሐኪሞች በሚጻፈው ታሪክ ውስጥ የሚስቶቻቸው ድካም በሁለት መስመር የሚታለፍ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ እኔም ይኸው በሁለት መስመር አለፍሁት።

በ1918 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ የፈጀው የጉንፋን ወረርሽኝ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተባለ። በወለጋ በሳዮ አውራጃ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሕዝባቸው ያለ ሐኪም ሲያልቅ አይተው፥ ከሱዳን ሐኪም እንዲመጣላቸው ለመኑ። ልመናቸውም ለዶክተር ላምቢ ደረሰ። በ1919 ዓ.ም. ሐኪሙ ከሚስታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በመርከብ እስከ ጋምቤላ መጡ። መርከብ ወደ ጋምቤላ የሚደርሰው ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ስለ ነበረ ጊዜውን ጠብቀው ነበር የሚጓዙት። ከጋምቤላም ገደሉን በበቅሎ ወጥተው ወደ ሳዮ፥ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምትባለው ከተማ ገቡ።

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሐኪም በሌለበት አገር አንድ ሐኪም ሲመጣ የሚሆነውን አስብ። ቁስለኛው፥ ወባ የያዘው፥ ለምጻሙ፥ ዕውሩ ሁሉ ወደ አንድ ደጅ ይሰበሰባል። የዓይን ሕመም በደጋውም በቈላውም ብዙ ነበረ፤ ዛሬም ገና አላለቀም። ስለ ሥራው ማወቅ ለሚወድድ የሦስቱን ነገር ላስረዳ።

አንደኛው የዓይን ሞራ ነው። በዓይን ውስጥ ያለችው እንደ መስተዋት የጠራች ሌንስ በዕድሜ ብዛት ትደፈርስና ብርሃን መግባት ይከለከላል። እጁ የሠለጠነ ሐኪም የደፈረሰችውን አውጥቶ ሰውየው ያይ ዘንድ ማድረግ ይችላል። በዓይን ሕክምና ዘመቻ ላይ ሰው ዕውር ሆኖ ገብቶ በማግሥቱ መጠቅለያው ሲፈታ የልጁን ፊት የሚያየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ወጣቶችንም ወደዚህ ሥራ የሚስበው ይህ ደስታ ነው። ሁለተኛው ትራኮማ ነው። ይህ በእጅ፥ በፎጣና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ እናት የሚተላለፍ ነው። ሕመሙ ሲመላለስ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰስና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን ሌትና ቀን ይፍቀዋል፥ በመጨረሻም ያሳውራል። ሴቶቻችን በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ ያየህ ከሆነ ያየኸው ይህንን ነው። የታጠፈውን ቆብ በትንሽ ቀዶ ሕክምና መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የጠፋውን ብርሃን አይመልሰውም። ሦስተኛው በፈንጣጣ የሚመጣ ዕውርነት ነበረ። ፈንጣጣ ዓይንን አቍስሎ በጠባሳ ይሸፍነው ነበርና፥ በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረውም።

ወደ ዶክተር ላምቢ ደጅ ከመጡት መካከል ጊዳዳ ሶላን የሚባል ወጣት ነበረ። አምስት ዓመት ያህል ሆኖት ሳለ ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥፍቶበት ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ሐኪም ብዙ ሰው እንደ ፈወሰ ስለ ሰማ፥ የእርሱንም ዓይን ይከፍትልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ መጣ። ሐኪሙ መርምረው ማዳን እንደማይቻል ነገሩት።

እባክህ ወዳጄ ሆይ፤ በዚህ ቦታ ጥቂት ቁም። ከባሕር ማዶ መጥቶ፥ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት፥ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰምቶ ሳለ፥ በፊቱ ለቆመ ዕውር አልችልም ብሎ መናገር ቀላል ነገር አይደለም። የውሸት ቅባት ሰጥቶ ነገ ተመለስ ብሎ መስደድ ይቀልል ነበር። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ በሽተኛውም ተስፋ አድርጎ ይመላለሳል፥ በሬውንም ሸጦ ስንቅ ያደርገዋል። ወደ ዓይን ሕክምና ቤት ለማገልገል የምትሄድ ሁሉ፥ ሐኪም ባትሆንም፥ በር ላይ ሰው የምትመዘግብ ወይም ዕውራንን እየመራህ ወደ ውስጥ የምታስገባ ብትሆንም፥ ይህ ቀን በአንተ ላይ ይመጣል። ከመቶ ሰዎች መካከል የሚፈወሱት አሉ፥ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱም አሉ። ለተፈወሰው ደስ ማለት ማንም ይችላል። ባዶ እጁን ከሚመለሰው ጋር ተቀምጦ፥ እውነቱን በለሰለሰ ቃል ነግሮ፥ ውኃ አጠጥቶ እስከ መንገዱ መሸኘት ግን ሥራ ነው።

ጊዳዳ ዓይኑ ሳይከፈት ቀረ፤ ነገር ግን ከዚያ ግቢ ፈጽሞ አልራቀም። የወንጌልን ነገር በዚያ ሰምቶ አመነ፤ ቃሉንም በጆሮው እየሰማ በልቡ ያዘ፥ ለገጠሩም ሕዝብ በራሱ በኦሮምኛ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ። ፈንጣጣን በተመለከተ፥ ለጊዳዳ ዓይን መድኃኒቱ የነበረው ከመታመሙ በፊት የሚሰጥ ክትባት ብቻ ነበረ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ በ1980 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ ታወጀ። በየመንደሩ በእግር እየዞሩ ክትባት የሰጡት ሰዎች ካዳኑአቸው ዓይኖች ይልቅ ብዙ ዓይን ያዳነ የቀዶ ሐኪም ያለ አይመስለኝም፤ ስማቸውን ግን ማንም አያነሣውም።

ከሳዮ በኋላ ሐኪሙ በጎሬ በኩል አለፉ። በጎሬ የኢሉባቦር ገዥ ራስ ናደው ነበሩ። ራስ ናደው በ1919 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አሜሪካን ያዩ፥ የሩቅ አገርን ሥራ የሚያውቁ ትልቅ ሰው ናቸው። በጆሮአቸው የገባች ነፍሳት አስጨንቃቸው ሳለች ዶክተር ላምቢ አወጡላቸው፥ ስለዚህም ወደ አዲስ አበባ አልጋ ወራሽ ወደ ነበሩት ወደ ራስ ተፈሪ አመለከቷቸው ተብሎ ይተረካል። አንዲት ትንኝ የምታህል ነገር የአንድ አገር ሆስፒታል ምክንያት ሆነች ብትለኝ አልከራከርህም። ራስ ተፈሪ በዋና ከተማው ሆስፒታል እንዲሠራ ወደዱ። ላምቢም ወደ አሜሪካ ተመልሰው ገንዘብ ለመኑ፤ በኦሃዮ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ የነበራቸው ሚስተር ጆርጅ የሚባሉ ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ ሰጡ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በጉለሌ የታነጸው ሆስፒታል በእርሳቸው ስም የጆርጅ መታሰቢያ ተባለ። ከጦርነቱ በኋላ በዚያው በጉለሌ ግቢ የፓስተር ተቋም ተመሠረተ።

በዚህ ስፍራ ሌላ ሐኪም ላነሣ እወድዳለሁ፤ ለዓይን ሥራ ነገሩ ይጠቅማልና። ሄንሪ ሆላንድ የሚባሉ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ዛሬ ፓኪስታን ወደሚባለው አገር ወደ ኬታ ከተማ ለሚሲዮን ሥራ ሄዱ። ሺካርፑር በሚባል ሌላ ከተማ የሂንዱ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ አንድ ባለጸጋ፥ ሴት ሂራናንድ የሚባል፥ ለዓይን ሕመምተኞች የሚሆን ሆስፒታል በገንዘቡ አሠራላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በብርድ ወራት ለጥቂት ሳምንታት ሕሙማን በብዙ ሺህ ይሰበሰቡ ነበር። ዘመዶቻቸው በግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለው ያበስሉላቸው ነበር። ከእንግሊዝና ከአሜሪካም የዓይን ሐኪሞች በገዛ ፈቃዳቸው እየመጡ ያግዙ፥ የሞራንም ቀዶ ሕክምና በዚያ ይማሩ ነበር። ልብ በል፤ ለማስተማር ሳይሆን ለመማር የመጡ ነበሩ። በ1935 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ኬታን አፈረሰ፤ ሆላንድም ከፍርስራሽ በታች ተገኝተው በሕይወት ወጡ፥ ሆስፒታሉንም ዳግመኛ ሠሩ። ገንዘቡን የሰጠው ሂንዱ፥ የታከሙት አብዛኞቹ እስላሞች፥ ሐኪሙ ክርስቲያን ነበሩ። ከበሽተኛ ሃይማኖቱን ለውጥ ብሎ ዋጋ መጠየቅ ንግድ እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ ሰማርያዊውም የቈሰለውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

ወደ ላምቢ ልመለስ። በ1927 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሌላ ማኅበር አቁመው፥ ያም ማኅበር ከሱዳን ውስጥ አገር ሚሲዮን ጋር ተዋሕዶ፥ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ለመሄድ ተነሡ። በመጀመሪያ ያሰቡት ወደ ጅማና ወደ ካፋ ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ ከምባታ፥ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳሞ መራቸው። በሲዳሞም ቀድሞ በሳዮ የጠሯቸው ደጃዝማች ብሩ ገዥ ሆነው አገኙአቸው። በአዲስ አበባ አጠገብም ለለምጽ ሕሙማን መታከሚያ እንዲቆም ደከሙ። ለውጭ አገር ሰው ርስት መያዝ ስላልተፈቀደ፥ ዶክተር ላምቢ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ይህን ያደረገ ፈረንጅ በዚያ ዘመን እጅግ ጥቂት ነበረ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብተወው ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን የሰውን መልካሙን ብቻ የሚጽፍ አንባቢውን ያታልላል።

በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲመሠረት ዶክተር ላምቢ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች። በታኅሣሥ ወር የኢጣልያ አይሮፕላኖች በደሴ የነበረውን ሆስፒታል፥ በወሩም መጨረሻ በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል በቦምብ መቱ። ዶክተር ሮበርት ሆክማን የሚባሉ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም በደገሃቡር ያልፈነዳ ቦምብ ሲነካኩ ሞቱ። የመርዝ ጋዝም በሠራዊቱና በባላገሩ ላይ ወረደ፤ ዓይኑ የተቃጠለ፥ ቆዳው የተላጠ ሰው በየድንኳኑ ሞላ። ይህን ግፍ ለዓለም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ ዶክተር ላምቢ ነበሩ።

በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኢጣልያ እጅ ከወደቀች በኋላ ግን፥ ላምቢ ለአዲሶቹ ገዦች ተገዝተው፥ ስለ ቦምቡና ስለ ጋዙ ቀድሞ የመሰከሩትን የሚሽር ጽሑፍ ሰጡ። ሚሲዮኑ እንዳይባረር፥ ሕሙማኑም ያለ ሐኪም እንዳይቀሩ ብለው እንዳደረጉት ይታመናል። ሥራው ግን አልዳነም፤ ኢጣልያኖች ሚሲዮናውያንን በጥቂት ጊዜ ውስጥ አስወጡአቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በስደት ሳሉ ይህን እንደ ክዳት ቈጠሩት፤ አገሩ በ1941 ዓ.ም. ነጻ ከወጣ በኋላም ላምቢ ተመልሰው በኢትዮጵያ መሥራት አልሆነላቸውም። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተዋል፥ ኢትዮጵያዊነታቸውም ቀረ፤ በ1939 ዓ.ም. የታተመውን የሕይወታቸውን መጽሐፍ አገር የሌለው ሐኪም ብለው ሰየሙት።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ በዚህ ሰው ላይ ፈራጅ ሆኜ መቀመጥ አልወድም። ሕሙማን በእጁ ያሉበት ሰው የሚፈተንበትን ፈተና በቤቱ የተቀመጠ ሰው አያውቀውም። ሆኖም ነገሩን በስሙ ልጥራው፤ ስሕተት ነበረ። በሳዮ ለአንድ ዕውር ልጅ መራራውን እውነት የነገሩ ሐኪም፥ በአዲስ አበባ ለኃያላን ጣፋጩን ሐሰት ጻፉ። ለመልካም ሥራ ብሎ ሐሰት የሚጽፍ ሰው፥ ሥራው የእግዚአብሔር ሳይሆን የራሱ እንደ ሆነ ሳያውቅ አምኖአል። በጋዙ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ምስክራቸው ተሻረባቸው። አንተም በሌላ አገር ሕክምና ቤት ስታገለግል፥ የቦታው ሹም የማይወደውን ነገር ታያለህ፤ መድኃኒት ሲሰረቅ፥ ድኻ ሲገፋ፥ ሪፖርትም ሲዋሽ ታያለህ። ዝም ካልሁ ክሊኒኩ ይቆማል የሚል አሳብ በዚያን ቀን ይመጣልሃል፤ የሚመጣውም ክፉ መስሎ ሳይሆን ርኅራኄ መስሎ ነው።

ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያኑ ያልቃል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በሳዮ ግን ዕውሩ ጊዳዳ ከማሞ ጮርቃ ጋር ሆኖ ምእመናኑን ጠበቀ። በወላይታም ሚሲዮናውያን በ1937 ዓ.ም. ሲሄዱ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናን እንዳገኙ ይነገራል። ቄስ ጊዳዳ በኋላ በየገጠሩ ትምህርት ቤቶችን አቋቋሙ። ልጃቸው ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በዓይን ሥራ ለማገልገል ደግሞ ሁልጊዜ ባሕር መሻገር ግድ እንዳልሆነ የማሻ ሰው ያውቃል። በካፋና በሸካ ወንዞች ዳር የምትነክሰው ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርካይሲስ የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። የኢጣልያ ሐኪሞች ይህን በሽታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን በ1939 ዓ.ም. አስታወቁ። በሌላ አገር የወንዝ ዕውርነት ይባላል፤ በእኛ አገር ግን ይልቁን ቆዳን በማሳከክ ያሠቃያል። በ2001 ዓ.ም. በካፋና በሸካ መድኃኒቱን ለሕዝቡ በነጻ ማደል ሲጀመር፥ የሚያድሉት ከየመንደሩ ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው ሰዎች ሆኑ። ደመወዝ አልነበራቸውም። ቁመት የሚለካ ዘንግ ይዘው፥ ለእያንዳንዱ ሰው በቁመቱ ልክ ኪኒኑን እየቈጠሩ፥ በቡናው እርሻና በደኑ መካከል ከቤት ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። የጎረቤቱን ስም ስለሚያውቁ ማን እንደ ቀረ ያውቁ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ሐኪም ይህን አያውቅም።

ዶክተር ላምቢ ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ በሱዳን ሠሩ። ወይዘሮ ሻርሎት በ1946 ዓ.ም. ሞተች። ሐኪሙም በእርጅናቸው ወደ ቅድስት አገር ሄደው፥ በቤተ ልሔም አጠገብ ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች የሚሆን ሆስፒታል አቆሙ፥ በረካ ብለውም ሰየሙት። በ1954 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በኢየሩሳሌም፥ የአትክልት መቃብር በሚባለው ስፍራ፥ ለትንሣኤ በዓል የማለዳ ጸሎት ሲያዘጋጁ ሳሉ ዐረፉ። ዕድሜአቸው 69 ዓመት ነበረ። ቄስ ጊዳዳ በዚያን ጊዜ በሳዮ አገር በሰው እጅ እየተመሩ ከመንደር ወደ መንደር ያስተምሩ ነበር።